ድንጉላ ፈረስን በውርንጭሎቹ ስለ መመዘን

ለስፖርት የሚፈለግ ድንጉላ ፈረስ ዋጋው ተረጋግጦ የሚታወቀው በራሱ ቁመና ሳይሆን ባስወለዳቸው ውርንጭሎች ነው። ቡና ገዢ ከአንድ ጆንያ አፍ በተዘገነ እፍኝ እንደማይዋዋል ሁሉ፣ ብልህ አርቢም አንድ የተዋበ ውርንጭላ ስላየ ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ከልዩ ልዩ ባዝራዎች የተወለዱትን አሰልፎ፣ ቀጥ ያለ እግር፣ ሰፊ የሶምሶማ እርምጃና የረጋ ጠባይ በአብዛኞቹ ላይ መደጋገሙን ይመረምራል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለስመ ጥር ድንጉላ የተመረጡ ባዝራዎች ስለሚቀርቡለት፣ የእናቲቱ ውርስ ለእርሱ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ከመካከለኛ ባዝራ የተሻለ ልጅ ያስወለደው ይበልጣል፤ በእኔ አስተያየት ሻጭ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ኮር ዴ ላ ብሪየር የተባለው ድንጉላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በፈረንሳይ ተወልዶ፣ በ1971 ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሆልሽታይን ተወሰደ። ስሙን ያስጠሩት መሰናክል ዘላዮቹ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። ሆኖም ልጁ ኮርላንዱስ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ለብር ሜዳሊያ የበቃው በዝላይ ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ግልቢያ ነበር።

ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ያህል ታረግዛለች፤ ውርንጭላው ለኮርቻ የሚገራው በሦስት ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ በታላላቅ የዝላይ ውድድር የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። አባቱን በመጀመሪያዎቹ ውርንጭሎች ብቻ የሚመርጥ አርቢ በርካሽ ይዋዋላል፣ ኪሣራውንም ራሱ ይሸከማል። ማስረጃው እስኪሟላ የሚጠብቀው ደግሞ ድንጉላውን አርጅቶ ወይም ሞቶ ያገኘዋል፤ ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጂን ቀዝቅዞ ከተቀመጠለትም ዋጋው ወጣት ሳለ ከነበረው እጅግ ንሮ ሊጠብቀው ይችላል።