ምዕራፍ ስድስት፦ ስለ ዳሌ መተሳሰርና በትዕግሥት ስለ መፈታቱ

ቀኑን ከጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ወይም ከመኪና መሪ ኋላ ተቀምጦ የሚውል፣ ማለዳውን ግን ወደ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች፣ ወደ ጃን ሜዳ ወይም ወደ እንጦጦ ዳገት ወጥቶ ለአካሉ ጤናና ለመንፈሱ ሐሤት የሚሮጥ ሰው በአዲስ አበባ እየበዛ መሄዱ እጅግ የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ይልቁንም ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ሩጫ የባለሜዳልያዎች ብቻ ሳይሆን የጸሓፊውም፣ የነጋዴውም፣ የእናትም የልጅም ድርሻ መሆኑን ለሕዝብ ካሳየ ወዲህ ይህ መልካም ልማድ ሥር ሰድዷል። ከእነዚህ ሯጮች መካከል ግን ብዙዎቹ ከወንበር ሲነሡ ብሽሽታቸውን የሚይዛቸው፣ ዳገት ሲወጡ እርምጃቸውን የሚያሳጥርባቸው፣ ሩጫው ሲረዝም ወገባቸውን የሚያደክማቸው አንድ የመተሳሰር ስሜት አለ፤ ይህንንም ስሜት ለማስወገድ ሲሉ እግራቸውን በኀይል እየጎተቱ ይታገላሉ። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ የተሳሰረ ዳሌ በትግል አይፈታም የሚል ነው፤ የሚፈታው ሰውነት በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሲለማመድ፣ አእምሮ አዲሱን ስፋት ያለ ሥጋት ሲቀበል፣ ጡንቻም በዚያ ስፋት ውስጥ ብርታት ሲያገኝ ነው።

የመገጣጠሚያው ተፈጥሮ

የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ጠልቆ በመግባቱ፣ ዳሌ የሰውን ግንድ ለመሸከም ጽናትን፣ እግርን በየአቅጣጫው ለማንቀሳቀስ ደግሞ ነጻነትን በአንድነት ይዟል። መገጣጠሚያውን ከበው ከያዙት ጅማቶች መካከል በፊት በኩል የተዘረጋው፣ ቅርጹ ተገልብጦ እንደ ቆመ ባላ የሆነው ጅማት፣ በሰው አካል ካሉት ጅማቶች ሁሉ ብርቱው ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ጡንቻዎቹ ብዙ ሳይደክሙ ግንዱን ደግፎ የሚይዘው፣ ጭንም ወደ ኋላ ከልኩ አልፎ እንዳይሄድ የሚከለክለው እርሱ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ዳሌ፣ ጉልበት ታጥፎ ወደ ደረት ሲሳብ እስከ 120 ዲግሪ ያህል የሚታጠፍ ሲሆን፣ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ግን ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ወደ ኋላ በሚደረገው እንቅስቃሴ የምትጎድል እያንዳንዷ ዲግሪ ለሯጭ ትልቅ ጉድለት ናት።

ጭንን ወደ ሆድ ከሚያጥፉት ጡንቻዎች ዋነኛው ከወገብ አከርካሪ አጥንቶች ግራና ቀኝ ተነሥቶ፣ ከሆድ ዕቃ በስተኋላ ቁልቁል ወርዶ፣ ከዳሌ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ከሚነሣው ባልንጀራው ጋር ተባብሮ፣ በጭን አጥንት ላይኛ ክፍል በውስጥ በኩል ይተከላል። ሌላው ደግሞ ከዳሌ አጥንት ፊት ጀምሮ በታፋ ላይ በርዝመት ወርዶ ጉልበትን ይሻገራል። የፊተኛው ሥሩ ከወገብ ስለ ሆነ ሲጠብቅ ጭኑን ብቻ ሳይሆን ወገቡንም ወደ ፊት ይስባል፤ የኋለኛው ሁለት መገጣጠሚያዎችን ስለሚሻገር ጉልበት በታጠፈ ቍጥር ይበልጥ ይወጠራል። ሯጩ መሬቱን ገፍቶ ለመነሣት ኋለኛ እግሩን በሚዘረጋበት ቅጽበት ዳሌው እንቢ ካለው፣ የጎደለውን ስፋት ወገቡን በመለመጥ ያሟላዋል፤ በአንድ ሰዓት ሩጫ ውስጥ ይህ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ስለሚደጋገም፣ የወገቡ ድካም ብዙ ጊዜ ከዳሌው እንቢታ የመጣ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የመተሳሰሩ ምክንያት

በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዳሌው ወደ 90 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይቈያል፤ ሥራው ቀን በቀን እንዲህ የሚያውለው ሰው ዳሌውን ወደ ኋላ የሚዘረጋበት ጊዜ እምብዛም የለውም፤ ሰውነትም ዘወትር የማይጠቀምበትን ስፋት ቀስ በቀስ ይተወዋል። በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በበርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ የለመደ፣ በሰሙነ ሕማማትም እየወደቀ እየተነሣ የሚሰግድ ሰው፣ ዳሌው ወደ ፊት በሰፊው ስለሚታጠፍለት፣ እኔ ከመተሳሰር የራቅሁ ነኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ነገር ግን መታጠፍና መዘርጋት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች በመሆናቸው፣ በአንደኛው የተባረከ ሰው በሁለተኛው ድኻ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ከዚህም በላይ፣ የሚሰማን መጥበቅ ሁሉ የጡንቻ ማጠር አይደለም። ለሳምንታት ሰውነታቸውን በማሳሳብ የተለማመዱ ሰዎች ሲመረመሩ፣ የእንቅስቃሴያቸው ስፋት የጨመረው በአብዛኛው ጡንቻው ስለ ረዘመ ሳይሆን ውጥረቱን የመታገሥ አቅማቸው ስለ ሰፋ መሆኑ ተደርሶበታል። የነርቭ ሥርዓት ያልለመደውን ቦታ እንደ አደጋ ቈጥሮ ጡንቻውን አስቀድሞ ያጠብቀዋል፤ በድንገት በኀይል ሲሳብም ጥበቃውን ያበረታል እንጂ አያላላም። ደግሞም ደካማ የሆነ ጡንቻ ከዐቅሙ በላይ ሲሠራ ውሎ የሚያሰማው ድካም ራሱ እንደ መጥበቅ ይሰማል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሰውነቱን ቢያሳስብ ለጥቂት ሰዓት ይቀለዋል፣ በማግስቱ ግን ስሜቱ ተመልሶ ይመጣበታል፤ መድኃኒቱ ጡንቻውን ማበርታት ነውና።

ራስን ስለ መመርመር

በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ይሠራ የነበረው ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891 እ.ኤ.አ.) የተባለው የአጥንት ሐኪም ያስተማረው የዳሌ ምርመራ፣ ዛሬም በስሙ እየተጠራ በየሐኪም ቤቱ ይሠራበታል፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው በሚችል መልክ እንዲህ ነው። ተመርማሪው በጠንካራ ጠረጴዛ ወይም በማይሰረጕድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በጀርባው ተጋድሞ ሁለቱንም ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ይስባል፤ ወገቡ ከመኝታው ጋር በገጠመ ጊዜ አንዱን ጉልበት እንደ ያዘ ሁለተኛውን እግር ቀስ አድርጎ ለቅቆ ከጫፉ በታች እንዲንጠለጠል ያደርጋል። የተለቀቀው ጭን ወርዶ ከመኝታው ጋር ትክክል ከሆነ፣ ጉልበቱም ያለ ችግር ታጥፎ ከተንጠለጠለ፣ ዳሌው በቂ ስፋት አለው። ጭኑ ወደ ላይ እንደ ተነሣ ከቀረ ዳሌን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ጠብቀዋል ማለት ነው፤ ጭኑ ወርዶ ጉልበቱ ግን ሳይታጠፍ ከቀረ፣ የጠበቀው ጉልበትን የሚሻገረው የታፋ ጡንቻ ነው። ሁለቱን እግሮች ማነጻጸርና ያዩትን በማስታወሻ መጻፍ፣ በኋላ የሚገኘውን ለውጥ በእርግጥ ለማወቅ ይረዳል።

የመልመጃው ሥርዓት

ከሩጫ በፊት የሚያስፈልገው ማሟሟቅ ነው፤ ይኸውም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ግድግዳ ይዞ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ ረጅም እርምጃ እየወሰዱ የኋለኛውን ጉልበት ወደ መሬት ዝቅ እያደረጉ መሄድ ነው። አንድን ጡንቻ ከ60 ሴኮንድ በላይ ወጥሮ መያዝ ኀይሉን ለጊዜው ስለሚቀንሰው፣ ረጅሙን ማሳሳብ ከሩጫ በፊት ማድረግ አይመከርም፤ ቦታው ከሩጫው በኋላ ወይም ሰውነት በእንቅስቃሴ በሞቀበት በሌላ ሰዓት ነው።

ለዳሌ ፊት ከሁሉ የሚጠቅመው መልመጃ በአንድ ጉልበት መንበርከክ ነው። ተለማማጁ ቀኝ ጉልበቱን በለስላሳ ምንጣፍ ላይ አሳርፎ ግራ እግሩን ከፊቱ ይተክላል፤ ግንዱን ቀጥ አድርጎ የቀኝ መቀመጫውን ጡንቻ ያጠብቅና የዳሌውን የታች ክፍል ወደ ፊት ይሰበስባል፤ ከዚያም በኋላ ብቻ፣ ወገቡን ሳይለምጥ፣ መላ አካሉን ጥቂት ወደ ፊት ያስጠጋል። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ፊት እጅግ ተንጠራርተው ዳሌያቸው የሰፋ ይመስላቸዋል፣ በእውነቱ ግን የተለመጠው ወገባቸው ነው። መቀመጫን ማጥበቅ ያስፈለገበት ምክንያት በ1932 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን ካስተማረው ሕግ ጋር ይስማማል፤ ይህም አንድ ጡንቻ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ ተቃራኒው ጡንቻ እንዲለቅ መታዘዙ ነው። ውጥረቱ በግልጽ የሚሰማ፣ ሕመም ግን የሌለበት ሊሆን ይገባል፤ እስትንፋስ ከተቈራረጠ ወይም ፊት ከተኰማተረ ልኩ አልፏል።

የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለአዋቂዎች የሚመክረው፣ አንድን ማሳሳብ ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ ይዞ፣ በድግግሞሽ ለእያንዳንዱ ጡንቻ በጠቅላላው 60 ሴኮንድ እንዲሞላ፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን እንዲደረግ ነው፤ በየቀኑ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ በየጎኑ 30 ሴኮንድ ሁለት ጊዜ መያዝ፣ ለሁለቱም ዳሌዎች በድምሩ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። በዚህ ላይ ለጭን ውስጠኛ ጡንቻዎች ሁለቱን የውስጥ እግሮች አጋጥሞ ጉልበትን ወደ ጎን ከፍቶ መቀመጥ፣ ለመቀመጫ ጡንቻዎችም በጀርባ ተጋድሞ አንዱን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አኑሮ ወደ ደረት መሳብ ቢጨመር ዳሌው ከየአቅጣጫው ይፈታል።

ከማሳሳብ ቀጥሎ ማበርታት ይመጣል፤ በሙሉ ስፋት የሚደረግ የጡንቻ ማበርቻ ከማሳሳብ ባልተናነሰ ሁኔታ የእንቅስቃሴን ስፋት እንደሚጨምር በምርምር ታውቋልና። በጀርባ ተጋድሞ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሣት፣ አንዱን እግር ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አርቆ ቆሞ ቀስ ብሎ ዝቅና ከፍ ማለት፣ ቆሞም ጉልበትን ከወገብ በላይ አንሥቶ ጥቂት ማቈየት ለጀማሪ በቂ ናቸው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት ቢራመድ፣ በጠዋት ያገኘውን ስፋት በቀን ሥራው አያባክነውም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የጨረሰው አበበ ቢቂላ፣ ከድሉ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ጎንበስ ቀና እያለ፣ በጀርባውም ተጋድሞ እግሮቹን ወደ ላይ እያንቀሳቀሰ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በአድናቆት ተመልክቶታል። ከሩጫ በኋላ የሚደረግ ማሳሳብ የማግስቱን የጡንቻ ሕመም በመቀነስ ረገድ ያለው ጥቅም እጅግ ጥቂት መሆኑ በምርምር ስለ ታወቀ፣ የአበበን ምግባር ስለዚህ ጥቅም ብለን አንጠቅሰውም፤ የምንጠቅሰው የመጨረሻውን መስመር ካለፉ በኋላም ለሰውነት የሚሰጥ እንክብካቤ የሩጫው አካል መሆኑን ስላሳየን ነው።

ስለ ጥንቃቄ

አንዳንድ ዳሌ የሚታገደው በጡንቻ ሳይሆን በአጥንቱ ቅርጽ ነው። ጉልበት ወደ ደረት ሲሳብ በብሽሽት ጥልቅ ቦታ የሚወጋ ወይም የሚቆነጥጥ ሕመም ካለ፣ የጭን አጥንት አንገትና የጎድጓዳው ጠርዝ እየተጋጩ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግጭት መገጣጠሚያውን ወደ መበላት ሊያደርስ እንደሚችል ስዊሳዊው ሐኪም ራይንሆልድ ጋንዝና የሥራ ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ዳሌ በማሳሳብ ማስገደድ ጉዳቱን ያብሳል። እንደዚሁም በሩጫ ጊዜ እየበረታ የሚሄድ፣ ለማንከስ የሚያደርስ የብሽሽት ሕመም፣ የጭን አጥንት አንገት መሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሯጩ ሩጫውን በዚያው ሰዓት አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም፣ ትኵሳት፣ ወይም የእግር መደንዘዝ ያለበትም ሰው በመልመጃ ብቻ እድናለሁ ብሎ መቈየት የለበትም።

እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት ሰው ግን ያለ ሥጋት ይጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ለውጥ ባያይ አይዘን፤ ሰውነት የሚታመነው በተደጋገመ ነገር እንጂ በአንድ ቀን ብርታት አይደለም። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሳያቋርጥ ከተለማመደ በኋላ የቶማስን ምርመራ ደግሞ ያድርግና ከመጀመሪያው ማስታወሻው ጋር ያነጻጽር፤ ጭኑ ከፊተኛው ይልቅ ወርዶ ካገኘው በዚያው ሥርዓት ይጽና፤ ምንም ያልተለወጠ እንደ ሆነ ግን ኀይል ከመጨመር ይልቅ የጽሑፍ ማስታወሻውን ይዞ የእንቅስቃሴ ሕክምና ዐዋቂን ያማክር።