ከሰከላ ማሳ እስከ ጣና ደሴቶች፦ አፈሩ የት ይደርሳል?

በክረምት ከሰከላ ተዳፋት ማሳዎች ታጥቦ የሚወርደው አፈር ጠፍቶ የሚቀር ይመስላል። ሆኖም ከግሽ ዓባይ ምንጮች የሚነሣው ግልገል ዓባይ ከየገባሩ የሰበሰበውን ደለል ተሸክሞ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ጉዞውም በጣና ሐይቅ ያበቃል። ወንዙ በሚገባበት ቦታ ለዘመናት የተከማቸው ደለል ወደ ሐይቁ የዘለቀ ረጅም የብስ ፈጥሯል። ከደጋው የወረደ አፈር የት እንደሚደርስ ይህ ቦታ በግልጽ ያሳያል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የውኃውን መውጫ በመዝጋቱ እንደተፈጠረ የሥነ ምድር ጥናት ያስረዳል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ደለል ለጣና ከባድ ሥጋት የሆነውም ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ ባለመሆኑ ነው።

በሐይቁ ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ግን ቁጥሩ ይለዋወጣል። ከሁሉም የሚሰፋው ደቅ ነው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በዚያ ይገኛል። በአጠገቡ ባለው ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ተጠብቆ ኖሯል። ጣና ቂርቆስና ክብራን ገብርኤልም ከታወቁት ገዳማት መካከል ናቸው። በውኃ የተከበቡት እነዚህ ደሴቶች በጦርነት ዘመን የብራና መጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት መሸሸጊያ ሆነው አገልግለዋል።

የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪ ከደንገል ታንኳ ይሠራል፤ ቆሮሶና አምባዛም ያጠምዳል። በጣና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ10 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህም በርካታዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች እየወጡ በጠጠራማ ቦታ እንቁላል ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን መራቢያቸው ይበላሻል።

ችግሩ በዓሣ ብቻ አያበቃም። ጎርፍ ከአፈሩ ጋር የማዳበሪያ ቅሪት ይዞ ሲወርድ ውኃው ለአረም ይመቻል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ትኩረት የሳበው እምቦጭ በዚህ ዓይነት ውኃ በፍጥነት ይስፋፋል፤ የጀልባ መንገድ ይዘጋል፣ የግጦሽና የእርሻ መሬትም ይይዛል። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ቢመዘገብም፣ መዝገብ ብቻውን ደለልን አያቆምም።

መሬት ሲሸፈን ምን እንደሚሆን ዘጌ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህ ልሳነ ምድር በገዳማቱ ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ በመሆኑ፣ በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅለው ቡና ጥቅጥቅ ያለ ደን ሆኖ ቆይቷል። የደጋው ገበሬ ግን ማረሱን ሊተው አይችልም። በእርሱ እጅ ያለው መፍትሔ የጎርፉን ፍጥነት መግታት ነው፦ ተዳፋቱን አግድም ማረስ፣ እርከን መሥራት፣ በእርከኑ ላይ ሣር መትከል፣ ቦረቦርን በክትር መዝጋት፣ የተራቆተ ተራራን ከልቅ ግጦሽ መከለል። እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ ደግሞ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ተንዶ የተጠራቀመውን አፈር ይለቃል።

ይህ ሥራ ገበሬው ለሐይቁ ብሎ የሚከፍለው መሥዋዕትነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በቅድሚያ የሚታጠበው ለም የሆነው የላይኛው አፈር ነው፤ በገንዘብ የተገዛው ማዳበሪያም አብሮት ይሄዳል። በጣና ዓሣ አጥማጁን የሚጎዳው ደለል፣ በሰከላ ከገበሬው ጎተራ የጎደለ እህል ነው።