ቅሬው ከተበተነ በኋላ



በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ሰው ሲሞት ቅሬ ይጠራል። ቀብር ይቆፈራል፣ እንጨትና ውሃ ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ የቀረ ይቀጣል። በብዙው መንደር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ነው። ይህን ያቆዩልን አባቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

ቅሬው ተበትኖ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስስ? በደሴና በውጫሌ መካከል ይመላለስ የነበረ ሹፌር ጎረቤታችን ወደ አኺራ በሄደ በአራተኛው ወር፣ ባለቤቱ የበኩር ልጇን ከዘጠነኛ ክፍል ልታስወጣ ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጣች። ቅሬው ያጎደለው ነገር አልነበረም። ልጅን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማድረስ ግን የዓመታት ጉዳይ ነው። ስለ ሕይወት ኢንሹራንስ አጥብቀን መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዑለማዎች በጉዳዩ ላይ ብዙ ተወያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ፣ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበትን የንግድ ኢንሹራንስ ገረር ስላለበት አልፈቀደም፤ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ግን ፈቅዷል። ሱዳን በ1979 የዚህ ዓይነት ኩባንያ አቋቁማ ነበር። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ ያወጣው በ2020 ነው። በተካፉል አባላቱ ከሚከፍሉት የተወሰነው ተበሩዕ፣ ማለትም ስጦታ፣ ሆኖ ከኩባንያው ገንዘብ በተለየ ቋት ይቀመጣል፤ ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለውም ከዚያ ነው። (የመንደራችን የቅሬ ዳኛ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ስሙን ቀይራችሁ አመጣችሁት!» ብለውናል።)

ስለዚህ ወኪል መጥቶ «ሐላል ነው» ቢለን ቃሉ ብቻ አይበቃንም። ቋቱ በእርግጥ ተለይቷል? ገንዘቡ በምን ይሠራበታል፣ ወለድ ውስጥስ ይገባል? ከክፍያ የተረፈው ለማን ይመለሳል? የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን ናቸው? መክፈል ሲያቅተን እስከዚያ የከፈልነው ምን ይሆናል? ይህን የመጨረሻውን ብዙዎቻችን አንጠይቅም፤ እንደኛ ያለ ደመወዝተኛ ግን በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው እሱን ነው። መልሱንም ከውሉ ላይ ያሳዩን።

ከሁሉ የምታስፈራን ግን በቅጹ ላይ የተጠቃሚ ስም የሚጻፍባት መስመር ናት። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሟች ተጠቃሚ ካልሰየመ፣ ወይም ያለ ሌላ መግለጫ «ለወራሾቼ» ካለ፣ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ለይቶ ከሰየመ ግን ከውርሱ ውጭ ነው። አንድ ሰው ሳያገባ የወንድሙን ስም ጽፎ ኋላ ቢረሳው፣ ቁርኣን ልጆች ላሉት ሟች ሚስት የወሰነላት አንድ ስምንተኛም ሆነ የልጆቹ ድርሻ ከዚያ ገንዘብ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ቅጹን ይዘን የፈራኢድ ዕውቀት ያላቸውን ዓሊም እንጠይቅ። እኅቶችም ባሎቻችሁ የማንን ስም እንደጻፉ፣ ወረቀቱንም የት እንዳስቀመጡ ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ሞትን መመኘት አይደለም።

የጎረቤታችን ልጅ ለጊዜው ከትምህርቱ አልወጣም። የአጎቱና የመምህራን መዋጮ ይዞታል። መዋጮው እስከ ሰኔ ነው።