ትራምፕን ያገነነው፣ ትራምፕንም የጠላው ሚዲያ

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2016 ምሽት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ ለደጋፊዎቻቸው ይናገሩ ነበር። የሲኤንኤን፣ የፎክስ ኒውስና የኤምኤስኤንቢሲ ካሜራዎች ግን ፍሎሪዳ ውስጥ ማንም ያልቆመበት መድረክ ላይ ተተክለው ነበር። ዶናልድ ትራምፕ መጥተው እስኪናገሩ እየተጠበቀ ነው። የሳንደርስን ንግግር ከሦስቱ አንዳቸውም አላስተላለፉም።

ፎክስ በቀኝ ዘመምነቱ፣ ኤምኤስኤንቢሲ በግራ ዘመምነቱ ይታወቁ ነበር። በዚያ ምሽት አንድ ያደረጋቸው የተመልካች ቁጥር እንጂ የፖለቲካ እምነት አልነበረም። አሜሪካውያን ስለ ትራምፕና ስለ ሚዲያ ወገንተኝነት መነታረክ ከጀመሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ በንትርኩ ውስጥ ይህች ምሽት ብዙም አትነሳም። ለእኔ ግን ከየትኛውም ርዕሰ አንቀጽ በላይ ነገሩን የምታስረዳው እርሷ ናት።

የወገንተኝነቱን ክስ የፈጠሩት ትራምፕ አይደሉም። በኖቬምበር 1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ስለ ቬትናም ጦርነት ንግግር አድርገው ከመጨረሳቸው የቴሌቪዥን ተንታኞች ንግግሩን ይተቹት ጀመር። ከአሥር ቀን በኋላ ምክትላቸው ስፓይሮ አግኒው አዮዋ ግዛት ዴ ሞይን ከተማ ላይ መልስ ሰጡ። በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ የሚኖሩ፣ ማንም ያልመረጣቸው እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ሕዝቡ የሚያየውንና የሚሰማውን ይወስናሉ ሲሉ ወረፏቸው። የተወረፉት ሦስቱ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ንግግሩን በቀጥታ አስተላለፉት። እየተሰደቡም ቢሆን ካሜራ ማጥፋት አይሆንላቸውም።

ቀጥሎ የመጣው የሕግ ለውጥ ነበር። ከ1949 ጀምሮ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ የተለያዩ ወገኖችን ሐሳብ እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህን ደንብ በ1987 አነሣው። በዓመቱ ረሽ ሊምቦ የተባለ የሬዲዮ አቅራቢ በየቀኑ ለሰዓታት የወግ አጥባቂዎችን ቁጭት የሚያሰማበትን ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ማሰራጨት ጀመረ። በ1996 ሩፐርት መርዶክ ፎክስ ኒውስን አቋቋሙ፤ አመራሩን የሰጡት ለሮጀር ኤይልስ ነው፤ እኒያው በ1968 የኒክሰን የቴሌቪዥን አማካሪ የነበሩት ሰው። የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ እንደሚለው በ1976 ከመቶ 72 አሜሪካውያን በመገናኛ ብዙኃን ላይ እምነት ነበራቸው። በ2016 ቁጥሩ ወደ 32 ወረደ፤ ከሪፐብሊካኖች መካከል ደግሞ ወደ 14። ትራምፕ የደረሱት ማሳው ታርሶ ካለቀ በኋላ ነው።

ጁን 16 ቀን 2015 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሕንጻቸው ውስጥ ዕጩነታቸውን ሲያውጁ ብዙ ጋዜጠኞች እንደ ቀልድ ነበር ያዩት። ሃፊንግተን ፖስት ዜናቸውን ከፖለቲካ አውጥቶ በመዝናኛ ገጹ ሥር አስቀመጠው፤ የወራት ጉዳይ ሆነና በዲሴምበር ወደ ፖለቲካው መለሰው። ቴሌቪዥኖቹ ግን ቀልዱን ወደውታል። ሌላው ዕጩ ስቱዲዮ ድረስ ሲሄድ ትራምፕ ከቤታቸው ስልክ እየደወሉ የእሑድ ጠዋት የፖለቲካ ፕሮግራሞች ላይ ይቀርቡ ነበር። ሰልፎቻቸው ሳይቆረጡ በቀጥታ ይተላለፋሉ። በማርች 2016 ኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣው ስሌት እስከዚያ ጊዜ በነፃ ያገኙትን ሽፋን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ለማስታወቂያ ከፍለው ያስነገሩት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። የሲቢኤስ አለቃ ሌስ ሙንቬስ በዚያው ሰሞን ለባለሀብቶች ሲናገሩ የዘንድሮው ምርጫ ለአሜሪካ ላይበጃት ይችላል፣ ለሲቢኤስ ግን እሰየው ነው ብለዋል። የሲኤንኤኑ ጄፍ ዙከርም ሰልፎቹን እንዳሉ ማስተላለፉን አብዝተነው ነበር ሲሉ የምርጫው ጊዜ ሲቃረብ አምነዋል። ዙከር ቀደም ሲል ኤንቢሲ ሳሉ ትራምፕን በየቤቱ ያስተዋወቀውን "ዘ አፕሬንቲስ" አየር ላይ ካዋሉት አንዱ ናቸው።

ትራምፕ የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ መሆናቸው ሲረጋገጥ የሽፋኑ ቃና ተለወጠ። በኦገስት 2016 የኒው ዮርክ ታይምስ የሚዲያ አምደኛ ጂም ሩተንበርግ አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ዕጩው ለአገር አደገኛ ነው ብሎ የሚያምን ጋዜጠኛ የለመደውን የሚዛናዊነት ደንብ ይዞ እንዴት ይዘግባል? ጋዜጣው በቀጣዩ ወር፣ ኦባማ አሜሪካ ውስጥ አልተወለዱም የሚለውን የትራምፕ ወሬ በፊት ገጹ ርዕስ "ውሸት" ብሎ ጠራው። ከአገሪቱ 100 ትልልቅ ጋዜጦች ትራምፕን ደግፈው የጻፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ኦሃዮ ወይም አዮዋ ሆኖ ይህን ያየ ወግ አጥባቂ አግኒው የነገሩትን ቢያስታውስ አይፈረድበትም። በ2013 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት ራሳቸውን ዴሞክራት ያሉ ጋዜጠኞች ከመቶ 28፣ ሪፐብሊካን ያሉት 7 ነበሩ፤ ግማሾቹ ገለልተኛ ነን ብለዋል። ይህ ቁጥር ዘገባው ጠማማ ነው ለማለት አይበቃም። ዜና ክፍሉ ውስጥ ማን እንደማይገኝ ግን ያሳያል።

ሁለቱም ወገኖች ለክርክራቸው የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ። የሃርቫርዱ ቶማስ ፓተርሰን የአምስት ቴሌቪዥኖችንና የአምስት ጋዜጦችን ዘገባ መርምረው፣ ከፓርቲዎቹ ጉባኤ በኋላ ስለ ትራምፕ ከቀረበው 77 በመቶው አሉታዊ መሆኑን አገኙ። የትራምፕ ደጋፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጥናቱ ግን ይቀጥላል፦ ስለ ሂላሪ ክሊንተን ከቀረበውም 64 በመቶው አሉታዊ ነበር። ዘመቻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ ደግሞ ከትራምፕ ይልቅ የከፋ ሽፋን ያገኙት ክሊንተን ናቸው። ለሥልጣን ብቁ መሆን አለመሆንን በሚመለከተው ዘገባ ሁለቱም እኩል 87 በመቶ አሉታዊ ተጽፎባቸዋል። ፖሊሲ ከጠቅላላው ሽፋን ያገኘው 10 በመቶ ብቻ ነው። ዴሞክራቶችም የራሳቸው ቅሬታ አላቸው። ኮሎምቢያ ጆርናሊዝም ሪቪው ላይ የወጣ ትንታኔ እንደሚለው፣ ኒው ዮርክ ታይምስ በስድስት ቀናት ውስጥ ስለ ክሊንተን ኢሜይሎች በፊት ገጹ ያወጣቸው ዘገባዎች፣ ከምርጫው በፊት በነበሩት 69 ቀናት ስለ ፖሊሲ ካወጣቸው ሁሉ ጋር በቁጥር እኩል ነበሩ።

ትራምፕ ይህን የተበላሸ ግንኙነት መጠቀም ያውቁበታል። የሲቢኤስ ጋዜጠኛዋ ሌስሊ ስታል በ2018 እንደተናገሩት፣ ካሜራ ሳይበራ ፕሬስን ለምን ሁልጊዜ እንደሚያጠቁ ጠይቀዋቸው ነበር። የመለሱላቸው፣ ስለ እኔ ክፉ ስትጽፉ ማንም እንዳያምናችሁ ነው የሚል ነበር። በፌብሩዋሪ 2017፣ ሥልጣን ከያዙ ወር ሳይሞላ፣ ትልልቆቹን የዜና ተቋማት የአሜሪካ ሕዝብ ጠላት አሏቸው።

ይህ ማለት የቀኞቹ እሮሮ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በ2016 ዶና ብራዚል የሲኤንኤን ተንታኝ ሳሉ የውይይት ጥያቄዎችን ለክሊንተን ዘመቻ አሾልከዋል፤ ጣቢያውም ከእርሳቸው ጋር ተለያይቷል። በኦክቶበር 2020 ኒው ዮርክ ፖስት ስለ ጆ ባይደን ልጅ ስለ ሃንተር ላፕቶፕ ያወጣውን ዘገባ ትዊተር እንዳይጋራ ከለከለ፤ ኋላ ኃላፊው ራሱ ስህተት ነበር አለ። የጆ ባይደንን መድከም ጉዳይም እስከ ጁን 2024ቱ ክርክር ድረስ ብዙዎቹ የዜና ተቋማት በሚገባው መጠን አልያዙትም።

ገበያ ፖለቲካን እንደሚመራ በግልጽ የታየው ግን ፎክስ ላይ ነው። የ2020 ምርጫ ተሰርቋል የሚለውን ወሬ ጣቢያው ደጋግሞ አስተጋባ። የድምፅ መስጫ ማሽን አምራቹ ዶሚኒየን ከሰሰው። በክሱ ሂደት የወጡት የውስጥ መልእክቶች እንዳሳዩት አቅራቢዎቹ ወሬውን ራሳቸው አላመኑትም፤ ያስፈራቸው ተመልካቹ ወደ ተፎካካሪው ጣቢያ ኒውስማክስ እንዳይሄድባቸው ነው። በኤፕሪል 2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከችሎት በፊት ታረቀ። ስለ ወገንተኝነት የሚጽፍ ሰው እነዚያን መልእክቶች ሳያነብ ባይጽፍ ይሻላል።

ከ2024 ወዲህ ፍርሃቱ አቅጣጫ ቀይሯል። በምርጫው ዋዜማ የጄፍ ቤዞሱ ዋሽንግተን ፖስት ለማንም ዕጩ ድጋፍ አልጽፍም አለ፤ ከ250,000 በላይ ደንበኞች ጥለውት ሄዱ። ኤቢሲ ትራምፕ ስም አጠፋችሁ ብለው በመሠረቱበት ክስ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ። የሲቢኤስ ባለቤት ፓራማውንትም በጁላይ 2025፣ ከሌላ ኩባንያ ጋር ሊያደርገው ያሰበውን ውህደት መንግሥት እንዲፈቅድለት እየጠበቀ ሳለ፣ በካማላ ሃሪስ ቃለ መጠይቅ አርትዖት ምክንያት በቀረበበት ክስ 16 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የሁለቱ ነገሮች መገጣጠም እንዲያው ነው የሚሉ ካሉ እኔ ከእነርሱ አይደለሁም። በዚያው ዓመት የጋሉፕ ቁጥር ወደ 28 ወርዷል።

ክርክሩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ነክቷል። ማርች 14 ቀን 2025 ትራምፕ የአሜሪካ ድምፅን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሥራውን ሕግ እስከሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን ድረስ እንዲቀንስ ትእዛዝ ፈረሙ። ጣቢያው ጽንፈኛ የግራ ፕሮፓጋንዳ ይነዛል የሚል ክስ ከዋይት ሐውስ ወጣ። በማግሥቱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ ብዙዎቻችን የአሜሪካን ምርጫ ስንከታተልበት የኖርነው የአማርኛ ክፍልም ሥርጭቱን አቋረጠ። በ1976 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ ጣቢያው ትክክለኛ፣ ሚዛናዊና የተሟላ ዜና እንዲያቀርብ ያዛል። ትእዛዙ ሲፈረም ይህ ሕግ አልተሻረም ነበር።