ኢንሱሊን፣ ጾምና ጠበል፦ የስኳር ሕመም ያለበትን ልጅ ማሳደግ



ከአዘና ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ሄዶ «ልጃችሁ የስኳር ሕመም አለበት» የተባለ ቤተሰብ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥያቄውን የሚያመጣው ወደ እኛ ወደ አገልጋዮች ነው፦ ጾሙስ? ቁርባኑስ? ጠበሉስ?

በልጆች ላይ የሚታየው ስኳር በአብዛኛው አንደኛው ዓይነት የሚባለው ነው። ቆሽት ኢንሱሊንን ማመንጨት ያቆማል፤ ያለ እርሱ የተበላው እህል ለሰውነት ኃይል አይሆንም። ጣፋጭ በመብላት የመጣ አይደለም። የወላጅ ኃጢአት ውጤት ነው የሚልም ቢኖር፣ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ለደቀ መዛሙርቱ የመለሰውን ያስታውስ። ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት እንዲህ ያለ ሕፃን ብዙ አይቆይም ነበር። በጥር 1914 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ለሞት የተቃረበው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን መርፌውን ወሰደ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ።

ስለዚህ «ጠበል ገብቷልና መርፌው ይቅር» ማለት ሕፃኑን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የኢንሱሊንም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

በጠበል ቦታ ሊታወቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ስኳሩ ከልክ በታች የወረደበት ልጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቆጣል፣ የሚናገረውም ይዛባል። የሚያየው ሰው ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ መስቀል ሊያስነካው ይሮጣል። ይሁንና መዋጥ እስከቻለ ድረስ የሚቀድመው ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በአንጻሩ ስኳሩ ያሻቀበበት ልጅ አብዝቶ ይጠማል፣ ደጋግሞ ይሸናል፤ ሲብስ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹም ይፈጥናል፤ ይህም ሆስፒታል የሚያስፈልገው ነው።

ወደ ጾሙ እንመለስ። ሽሮውና ምስሩ ለዚህ ልጅ ችግር የለባቸውም። አደጋው መርፌ ከተወጋ በኋላ ሳይበሉ የሚቆዩበት ሰዓት ነው። ፍትሐ ነገሥትም ለሕሙማን ያዝናል። ከቁርባን በፊት ስላለው 18 ሰዓት ቤተሰቡ በራሱ ከመወሰን ይልቅ ሐኪሙ ያለውን ይዞ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ልጁም «ጾም ሻረ» ተብሎ በእኩዮቹ ፊት አይሸማቀቅ።

ሸክሙ የእናት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። መርፌውን የምትወጋው፣ ምግቡን የምትመጥነው፣ ሌሊት ተነሥታ ላቡን የምትዳስሰው እርሷ ናት። አባትም መውጋትን ይማር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጠርሙሱን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ሸክላ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቆ ማኖር ይቻላል። ሴት ልጅ ስትሆን «ነገ ማን ያገባታል» ብለው ሕመሙን የሚደብቁ አሉ፤ የተደበቀባት ልጅ ግን በትምህርት ቤት ስትወድቅ የሚያነሣት ሰው ምን እንደሚያጠጣት አያውቅም። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ጥቂት ስኳር በመሳቢያቸው ያኑሩ።