የዕቁቡ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል?

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንዲት ወይዘሮ ወዳጃችን የመጨረሻ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። ወጣቱ ሥራ ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ከገባበት ዕቁብ በአራተኛው ዕጣ 60,000 ብር ደርሶታል። እናትየው ቡናው ሳይቀርብ፣ «እናንተው ምከሩልኝ፤ እኔን አልሰማ ብሏል» አሉን።

ወጣቱ ሁለት ሐሳብ ይዞታል። አንደኛው አክሲዮን ገዝቶ ለዓመታት ማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው፣ ባልንጀሮቹ በስልካቸው በውጭ አገር ገበያ እንደሚያደርጉት፣ ዝቅ ሲል እየገዛ ከፍ ሲል እየሸጠ በየቀኑ መነገድ ነው። እናቱ ሁለቱንም አይወዱም። አባታቸው የአንድ ፋብሪካ ባለአክሲዮን ነበሩና፣ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ታላላቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ በእጃቸው የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱም ዛሬ ድረስ በወይዘሮዋ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

አክሲዮን ከአንድ ማኅበር ንብረትና ሥራ የተቆረሰ ድርሻ ነው። አቆይቶ የሚይዘው ሰው ማኅበሩ ሲያተርፍ ከሚከፋፈለው ትርፍ ይካፈላል፤ ማኅበሩ ሲያድግም የድርሻው ዋጋ አብሮ ሊያድግ ይችላል። በየቀኑ የሚነግደው ግን ከማኅበሩ ሥራ ይልቅ ተስፋ የሚያደርገው ከእርሱ አስበልጦ የሚገዛውን ሌላ ሰው ነው። ቢያተርፍም ቢከስርም በገዛና በሸጠ ቁጥር ወጪ አለበት።

ባርበርና ኦዲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ መርምረው ነበር። ገበያው በጠቅላላው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው የገዙና የሸጡት ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። እኛ በወረቀት ስናሰላው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ 100,000 ብር በመጀመሪያው መጠን ወደ 268,000፣ በሁለተኛው ወደ 191,000 ብር ይደርሳል። በብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የዕለት ንግድ ከጀመሩት መካከል ከ300 ቀን በላይ የጸኑት ሲመረመሩ፣ ከመቶው 97ቱ ከስረው ተገኝተዋል።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ፣ «ከሦስቱ አንዱ እኔ ብሆንስ?» አለን።

እናቱ ቀደም ብለው፣ «ዘጠና ሰባቱም ሲጀምሩ እንደዚሁ ብለው ነበር» አሉት።

ይሁን እንጂ ማቆየትም ዋስትና አይደለም። የጃፓን የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ከደረሰበት ከፍታ ወርዶ እንደገና የበለጠው በ2024 ነው። በአገራችንም ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. የተመረቀ ለጋ ገበያ ስለሆነ፣ ሻጭ በቸገረው ቀን ገዢ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ወጣቱን የጠየቅነው የትኛው ይሻላል ብለን አይደለም፤ «ከዚህ ገንዘብ አምስት ዓመት ሳትነካው የምትቆየው ስንት ነው?» አልነው።

ዝም አለ። ነገሩ የተገለጠው በዚህን ጊዜ ነው። ዕቁቡ አሥራ ሁለት ዕጣ አለው፤ የወር መዋጮው 5,000 ብር ነው። ልጁ የከፈለው የአራት ወር፣ ማለትም 20,000 ብር ብቻ ሲሆን የቀረው 40,000 ብር ገና የሚከፍለው ዕዳ ነው። ገንዘቡን ሲቀበልም ዋስ የሆኑት አጎቱ ናቸው። በስልክ ንግዱ ቢከስርና ደመወዙ ቢስተጓጐል፣ ዕቁብተኞቹ የሚሄዱት ወደ አጎቱ ቤት ነው። (ቀድሞ የደረሰ ዕቁብ ብድር መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን!)

በመጨረሻ 40,000 ብሩ ለመዋጮው በባንክ እንዲቀመጥ ተስማማ። ከራሱ 20,000 ብር ግማሹን ለክፉ ቀን አኖረ፤ በግማሹ የማኅበራቱን የዓመት የሒሳብ መግለጫ ካነበበ በኋላ ለብዙ ዓመት የሚይዘው አክሲዮን ሊገዛ አሰበ። የዕለት ንግዱን ግን ፈጽሞ አልተወውም፤ ያለ ገንዘብ፣ በደብተር ላይ ብቻ ይሞክረው ብለን ነበርና ሞከረው።

በኅዳር መጨረሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። የስልኩን ዋጋ እየተከተለ በጽሑፍ ብቻ ሲገዛና ሲሸጥ ከርሟል። በ10,000 ብር የጀመረው፣ ወጪው ሲቀነስ፣ በአምስት ሳምንት 8,700 ብር ሆኗል። በደብተሩ ገጾች መካከል አንድ የቆየ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት አየን። እናቱ ከሣጥናቸው አውጥተው የሰጡት የአያቱ አክሲዮን ነው።