ቦጎ፦ ከተማ መባል ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ፊሊፒንስ ነው የምንሄደው። እዚህ እስራኤል ፊሊፒናዊት ሜታፔሌት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አውቶቡስ ላይ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ኩፓት ሆሊም ወረፋ ላይ አዛውንት ደግፈው እናያቸዋለን። አገራቸው ምን እንደሚመስል ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ስለዚህ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ መርጫለሁ፤ ስሟ ቦጎ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ቦጎ ያለችው በሴቡ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ከትልቁ ከተማ ከሴቡ ሲቲ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ወደ 89 ሺህ ገደማ ነበር። ስሟ ድሮ በባሕሩ ዳር ከነበረ ቦጎ ከሚባል ዛፍ እንደመጣ ይነገራል። ስፔኖች ሴቡን ከ1565 ጀምሮ ያዙ፤ እስከ 1898 ገዙ። ከዚያ አሜሪካኖች መጡና አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችው በ1946 ነው። ከስፔን የቀረው ትልቁ ነገር ካቶሊክ እምነት ነው። ቋንቋቸው ግን ያው የራሳቸው ሴቡዋኖ ነው።

ሰው በምን ይተዳደራል? በሸንኮራ አገዳ፣ በበቆሎና በዓሣ። የሴቡ መሬት ኖራ ድንጋይ ስለሚበዛው ለሩዝ አይመችም፤ ስለዚህ ብዙው ገበሬ የተፈጨ በቆሎ አብስሎ ሲበላ ኖሯል። አገዳው የሚጨመቅበት ፋብሪካ በጎረቤቷ በሜዴሊን ነው። የአገዳ ሥራ ደግሞ ወቅታዊ ነው፤ አጨዳ ሲያልቅ የቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፖላምባቶ የሚባል ወደብም አላት፤ ከዚያ ጀልባዎች ወደ ሌይቴና ወደ ማስባቴ ደሴቶች ሰውና ጭነት ያመላልሳሉ። ከዚህ በላይ ግን ውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብ አለ። በአገር ደረጃ ከጠቅላላው ኢኮኖሚ ከ8 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። እናንተ አውቶቡስ ላይ የምታዩዋት ሴትዮ እዚያ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ናት፣ የቤት ጣሪያ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቦጎ "ከተማ" የተባለችው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት እነሱ ሙኒሲፓሊቲ የሚሉት አነስተኛ አስተዳደር ነበረች። ስም ብቻ ነው እንዴ? አይደለም፣ ገንዘብ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር ለየአካባቢው ያካፍላል። በ1991 በወጣው ሕግ ከዚያ ድርሻ 23 በመቶው ለከተሞች፣ 34 በመቶው ለሙኒሲፓሊቲዎች ይሄዳል። ሙኒሲፓሊቲዎቹ ብዙ የደረሳቸው ይመስላል፣ አይደል? ግን እነሱ ወደ 1,500 ሲሆኑ ከተሞቹ ያኔ ከመቶ ትንሽ ነው የሚበልጡት። ጥቂት ሰው የቀረበበት ገበታ ላይ ጉርሻው ትልቅ ነው።

ነባሮቹ ከተሞች ይህን ስለሚያውቁ ቦጎንና ሌሎች 15 አዳዲስ ከተሞችን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ፣ ከተማ ለመሆን የሚያስፈልገው የራስ ገቢ ወደ 100 ሚሊዮን ፔሶ ከፍ ብሏል፤ እነዚህ ግን ሳያሟሉ ገብተዋል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 "ከተማ አይደላችሁም" አለ፤ በ2009 "ናችሁ" አለ፤ በ2010 እንደገና "አይደላችሁም"፤ በ2011 ደግሞ "ናችሁ" ብሎ ዘጋው። እስቲ አስቡት፣ የሚመጣው ዓመት ባጀትህ ስንት እንደሆነ ሳታውቅ ጤና ጣቢያና መንገድ ማቀድ!

ክርክሩ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 2013 ላይ፣ ዮላንዳ የሚሉት ታላቁ አውሎ ነፋስ መጣ። የሰሜን ሴቡን ጣሪያ ገነጣጥሎ፣ መብራት አጥፍቶ አለፈ። ያኔ ነው እስራኤል የገባችው። 148 ሰዎች ያሉበት የጻሃል ቡድን ቦጎ ባለው ሆስፒታል አጠገብ የመስክ ሆስፒታል ተከለ፤ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከ2,600 በላይ ሕመምተኞች አየ፣ 36 ሕፃናት አዋለደ። መጀመሪያ የተወለደው ልጅ "እስራኤል" ተባለ።

ይኼ ያኮራል፣ አዎ። እኔ ግን ትኩረቴ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ድንኳኑ ሲነቀል የቀረው ያው የአካባቢው ሆስፒታል ነው፤ እሱንም የሚያስተዳድረው ክፍለ ሀገሩ እንጂ ከተማዋ አይደለችም። ከተማዋ የምትይዘው ጤና ጣቢያዎችን ነው። ከሥሯ ደግሞ 29 ባራንጋዮች አሉ፤ ባራንጋይ እንደ ቀበሌ ነው፣ መሪውን ነዋሪው ይመርጣል። አውሎ ነፋስ ሲመጣ በር የሚያንኳኳው፣ "ውጡ" የሚለው እሱ ነው።

መስከረም 30 ቀን 2025 ሌሊት ደግሞ መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ልኬቱ 6.9፣ መነሻው ከቦጎ አጠገብ። በአካባቢው ከ70 በላይ ሰው ሞተ። ሕመምተኞች ከሆስፒታል ወጥተው ውጭ ሜዳ ላይ ታከሙ። ለዮላንዳ ተጎጂዎች የተሠራ መንደር ውስጥ ሳይቀር ቤቶች ተደርምሰዋል። ነፋስን የሚችል ቤት ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥን አይችልም ማለት ነው።

ለእኛ ለወጣቶቹ የምተወው ነገር ይህ ነው። እርዳታ ነፍስ ያድናል፤ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚቀረው ባጀቱ ነው፣ ጤና ጣቢያው ነው፣ የቤቱን ግንባታ የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ነው። እናንተም የምትኖሩበት ኢሪያ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝና ሰፈራችሁ ስንት እንደሚደርሰው ጠይቁ። አሰልቺ ጥያቄ ይመስላል፤ ቦጎ ግን አራት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የተመላለሰችው ለዚሁ ጥያቄ ነው።